የእናቴ ቡና ይጎንደል ወይስ ይቆይ?

ይህ የውይይት ክር የተከፈተው ጥር 2018 ላይ ነው። ዘግይታችሁ ለገባችሁና ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ላጣችሁ፣ ማን ምን እንዳለ በተራ አስቀምጬዋለሁ። ስድቡን አውጥቻለሁ። መሀል መሀል ላይ የራሴን ጣል ማድረጌ አይቀርም፤ የማትፈልጉት ዝለሉት።

የመክፈቻው ጽሑፍ፦ ጠያቂው ኑሮው አዲስ አበባ፣ ትውልዱ ይርጋጨፌ አካባቢ ነው። አባቱ ካረፉ ወዲህ ሁለት ጥማድ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ገደማ የሚሆነውን የጓሮ ቡና የሚይዙት እናቱ ናቸው። አብዛኛው ዛፍ የተተከለው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ባሉት ዓመታት ስለሆነ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ተጠግቷል። ግንዱ ሸብቷል፣ ፍሬው ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ነው፤ ለመልቀም አንዱ ቅርንጫፉን ጎትቶ ሲያጎብጥ ሌላው ከሥር መቆም አለበት። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይጎንደል፣ ማለትም ግንዱ ዝቅ ብሎ ተቆርጦ ከጉቶው እንደገና ያቆጥቁጥ፣ ብሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ ቡና እንዲህ በተወደደበት ዓመት የሚያፈራ ዛፍ በመጋዝ የሚጥል ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል ብለው መልሰውታል። ልጁ ሐሳቡ ከባለሙያው ጋር ነው። የጠየቀው እናቱን በምን ቋንቋ እንደሚያሳምናቸው ብቻ ነበር፤ እናቲቱ ልክ ናቸው ወይስ ተሳስተዋል የሚለውን ያመጡት መልስ ሰጪዎቹ ናቸው።

መልስ 1፦ ከጅማ ዞን፣ ከጎማ ወረዳ የጻፈ ገበሬ ነው። ረጋ ያለ፣ ጨዋ መልስ። እሱም እንዲሁ ፈርቶ እንደነበርና አባቱም አኩርፈውት እንደከረሙ ነገረን። በመጀመሪያው ዓመት ምንም አልለቀመም፣ በሁለተኛው ለቡና መጠጫ ያህል አገኘ፣ በሦስተኛው ግን ከድሮው በለጠ። ጠያቂውን ወንድሜ እያለ እናቱን እንዳይጫን መከረው።

መልስ 2፦ የግብርና ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው፣ የክሩን ረጅሙን መልስ ጻፈ። ጉንደላ ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ በበጋው፣ ዝናቡ ሳይጀምር መደረግ አለበት። ቁመቱ ከመሬት 30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ውኃ ላዩ ላይ እንዳይተኛ አቆራረጡ ገደድ ይበል። በመጥረቢያና በገጀራ የተመታ ጉቶ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ጉቶ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ መጋዝ የግድ ነው። ዝናቡ ሲመጣ ጉቶው ብዙ ቀንበጥ ያወጣል። ሁሉንም ማሳደግ ስስት ነው አለ፤ ጠንካራ ሁለት ወይም ሦስት ተመርጦ ሌላው መነቀል አለበት። ከሁሉ ከሁሉ አጥብቆ የተናገረው ስለ መጋዙ ነው። ዛፉን አጠውልጎ የሚያደርቀው በሽታ በቁስል በኩል ስለሚገባ፣ ከታመመ ዛፍ ወደ ጤነኛው በዚያው መጋዝ መሄድ ጓሮውን በሙሉ መጨረስ ነው። ጥርሱ በእሳት ወይም በአልኮል ይጽዳ፤ የደረቀው ዛፍም ሳይጎተት በቆመበት ተነቅሎ ይቃጠል። ይህን አንቀጽ ብቻ ቆርጦ የሚያስቀምጥ ሰው ክሩን አንብቧል ማለት ይቻላል።

መልስ 3 ያረጀውን ነቅሎ አዲስ መትከል አይሻልም ወይ ሲል ጠየቀ። መልስ 4 ላይ ባለሙያው ተመለሰ፦ ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ሦስት፣ አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ጉቶው ግን ሥሩ ያለ ስለሆነ ይቀድመዋል። ነቀላ የሚያስፈልገው ዛፉ ሲታመም ወይም ዝርያው ራሱ የማይረባ ሲሆን ነው።

መልስ 5፦ ዝርያ የሚለው ቃል እንደተነሳ ነገሩ ተበላሸ። ይህኛው ጻፊ 74110 የተባለው የጅማ ምርምር ማዕከል ዝርያ ይተከል፣ ፍሬ የሚያጠቁረውን በሽታ ይቋቋማል፣ አጭር ስለሆነ ለለቀማም አያስቸግርም አለ።

መልስ 6፦ የጌዴኦ ልጅ ነው፤ ቁጣው ከፊደሉ ይፈልቃል። ይርጋጨፌን ይርጋጨፌ ያደረጉት ኩሩሜና ወሊሾ የተባሉት የአገሬው ዝርያዎች ሆነው ሳለ የጅማ ቁጥር አምጥቶ እዚያ መትከል ስሙን ለመግደል ነው ባይ ነው። ቡናው ከእንሰቱና ከጥላ ዛፉ ጋር አብሮ የኖረበት ያ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡንም አስታወሰ። እውነት ነው፤ ግን በቁጥር 5 ያለው ሰው እንሰት ይነቀል አላለም።

መልስ 7፦ ባለሙያው ሁለቱንም አረመ። 74 የሚለው ቁጥር የምርጫውን ዓመት የሚያመለክት ነው። ፍሬውን የሚያጠቁረው ሲቢዲ የተባለው በሽታ በ1971 እ.ኤ.አ. አገራችን ከገባ በኋላ፣ የጅማ ምርምር ማዕከል ከደን ውስጥ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ሲለቅም በ1974 እ.ኤ.አ. ያገኛቸው ናቸው። ዛሬ በደቡብ ብዙ ጓሮ ውስጥ ገብተዋል፤ የጌዴኦው ወንድም ቤተሰቦችም ሳያውቁት ሊኖራቸው ይችላል ሲል ትንሽ ወጋ አደረገው። በሌላ በኩል ይርጋለም አጠገብ ያለው የአዋዳ ንዑስ ማዕከል ከዚያው ከሲዳማና ከይርጋጨፌ አካባቢ ቡና መርጦ እንደ አንጋፋና ፋያቴ ያሉትን አውጥቷል። ስለዚህ ምርጫው ወይ ጅማ ወይ አያት ቅድመ አያት አይደለም።

መልስ 8፦ አንዱ ደግሞ ጌሻን አነሳ። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ወጥቶ፣ ፓናማ ደርሶ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ውድድር አሸንፎ ዓለምን ያስደነቀ ቡና እያለን ስለ ጉቶ ታወራላችሁ አለ። ሦስት ሰው አሞገሰው፤ ጥያቄውን ግን ማንም አልመለሰም።

መልስ 9፦ ቡና ላኪ ቢሮ የምሠራ ነኝ ያለች ሴት ናት፤ ወደ ቁም ነገሩ የመለሰችን እሷ ናት። የኒው ዮርክ የቡና ገበያ ዋጋ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይደፈር የኖረውን ክብረ ወሰን በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ሰብሮ፣ በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ለአንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር አልፏል። በዚያ ላይ ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ሲተመን ላኪው በብር የሚያገኘው ተመነደገ። አገሪቱ በ2017 የበጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች። እንዲህ ባለ ጊዜ እናት ዛፌን አልቆርጥም ቢሉ ሒሳባቸው ከባለሙያው ሒሳብ አያንስም አለች። ለእናቲቱ የቆመ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው።

መልስ 10፦ ሹል። ያ ዶላር ይርጋጨፌ ድረስ ማን ተሸክሞ አደረሰው? ሰብሳቢው ከገበሬው፣ አቅራቢው ከሰብሳቢው፣ ላኪው ከአቅራቢው እየቀመሰ የመጣ ገንዘብ እናት ጋ ሲደርስ ምን ይቀረዋል? የላኪ ቢሮ ሠራተኛ ስለ ገበሬ ማውራቷ አናደደው።

መልስ 11፦ እሷም አልተኛችም። አብዛኛው ቡና በምርት ገበያ በኩል እንዲያልፍ የተደረገው በ2001 ነበር፤ በ2009 የወጣው አዋጅ ግን መንገዱን ከፍቶ ዛሬ አቅራቢም ገበሬም በቀጥታ መላክ ይችላል፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችም ከድሮም በቀጥታ ይልካሉ። የምሠራበትን ቢሮ ከመስደብህ በፊት አዋጁን አንብብ በሚል ቃና ነው የጻፈችው። ልክ ናት፤ ግን በወረቀት መቻልና ግማሽ ሄክታር ይዞ መቻል ለየቅል ናቸው። ሦስት ኩንታል ጥሬ ቡና ይዞ ኮንቴይነር የሚሞላ የለም።

መልስ 12፦ ሒሳብ የሚወድ ሰው መጣ። በሄክታር 6 ኩንታል ጥሬ ቡና ቢታሰብ ግማሽ ሄክታር 3 ኩንታል ይሰጣል። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና 6 ኪሎ ገደማ እሸት ስለሚፈልግ 18 ኩንታል እሸት ማለት ነው። የሃምሳ ዓመት ዛፍ የዚህን ግማሽ ቢሰጥ ነው፤ ስለዚህ በጉንደላ የሚታጣው በዓመት 9 ኩንታል እሸት፣ በሁለት ዓመት 18። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ያው ማሳ 18ቱን በአንድ ዓመት ከሰጠ ዕዳው ቶሎ ይከፈላል። ንጹሕ ሒሳብ ነው። ሁለቱ ዓመት በምን ይታለፋል የሚለው ግን ከሒሳቡ ውጭ ቀርቷል።

መልስ 13፦ በዕድሜ የገፉ ሰው ይመስላሉ፤ አንቱ ልበላቸው። 1994ን የሚያስታውስ አለ ወይ ብለው ጀመሩ። ያኔ የኒው ዮርክ ዋጋ ለአንድ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ፣ ለቃሚ ቀጥሮ ማስለቀሙ ራሱ ኪሳራ ሆኖ፣ እሸቱ ዛፍ ላይ የደረቀበት ቤት ነበር። ዛሬ የተጎነደለ ቡና በደንብ የሚያፈራው በ2021 ነው፣ በዚያን ጊዜ ዋጋው የት እንደሚሆን የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ አሉ። ማንም አላወጣም።

መልስ 14 ከሐረርጌ ነው። እኛ ጋ ቡና ተጎንድሎ ቀንበጡ ሳይደርስ መሀሉ ላይ ጫት ገባ፣ ጫቱ ውኃውንም ጉልበቱንም ወሰደው፣ ቡናው በዚያው ቀረ አለ። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል፣ ገንዘቡ እጅ በእጅ ነው፤ ባዶ ዓመት ያለበት ገበሬ ለምን አይገባበትም? ስድብ የለበትም፣ ስብከት የለበትም፤ ይህን መልስ ወድጄዋለሁ። የሚያሳዝነው መጨረሻ ላይ ከቡና ቅጠል ስለሚፈላው ቁጢ አንድ ቃል ጨመረ፤ መልስ 15 እና 16 የቡና ቅጠል በወተት ይፈላል ወይስ በጨው በሚለው ላይ ተጣሉ። አልፌዋለሁ።

መልስ 17፦ አንዱ ድንገት፣ ተጠንቀቁ፣ አሁን ዛፍ የቆረጠ ሰው ቡናው አውሮፓ አይገባም አለ። ደን ጭፍጨፋን የሚከለክለውን የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ማለቱ ነው። ማስረጃ አልጠቀሰም፤ ግን ሰው ደነገጠ።

መልስ 18፦ የላኪዋ ቢሮ ሴት ለሦስተኛ ጊዜ ገባች፤ በዚህኛው ትዕግሥቷ አልቋል። ሕጉ የሚመለከተው ከታኅሣሥ 31፣ 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ተጨፍጭፎ ወደ እርሻ የተቀየረ ደንን ነው። የጓሮ ቡናን ጎንድሎ እንደገና ማሳደግ እርሻን ማደስ ነው እንጂ ደን መመንጠር አይደለም። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ የሚጠየቀው ማሳው ያለበትን ቦታ የሚያሳይ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ነው። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀንም ሁለት ጊዜ ተገፍቶ ለትልልቆቹና ለመካከለኞቹ ኩባንያዎች ወደ ታኅሣሥ 2026 እ.ኤ.አ. ሄዷል። የማያውቁትን እየጻፉ እናቶችን ከማስፈራራት ዝም ማለት ይሻላል ብላ ዘጋችው።

መልስ 19፦ ዝም አልተባለም። ያ ነጥብ ነገ ለግብር፣ ከነገ ወዲያ ለመሬት ቅሚያ እንደማይውል ማን ዋስ ይሆናል? እኛ ሰፈር ስልክ ይዘው ማሳ ለማሳ የዞሩት ልጆች ለምን እንደሆነ እንኳ አልነገሩንም አለ አንዱ። ፍርሃቱ መሠረት የለውም ለማለት አልደፍርም፤ መሬቱ በተለካ ቁጥር አንድ ነገር የተወሰደበት ሕዝብ ነው። ሆኖም ጉንደላችን ጠፋ፤ መልስ 20 ላይ የመድረኩ አስተባባሪ ገብቶ ወደ ጥያቄው እንመለስ አለ።

መልስ 21፦ ከሪያድ የጻፈች እህት ናት፤ ለእኔ ክሩ የተጀመረው እዚህ ነው። ሃያ መልስ አነበብኩ፣ እኚህ እናት ሁለቱን ዓመት ምን ይበላሉ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አላየሁም አለች። እሷ ቤትም ያው ጭቅጭቅ ነበር፤ የዲላ ልጅ ናት። እናቷ እምቢ ያሉት ጉንደላ ስላልገባቸው አልነበረም። የታናሽ ወንድሟ የትምህርት ቤት ወጪ፣ የዕድሩ፣ የማዳበሪያው፣ ሁሉም የሚከፈለው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በሚለቀመው ቡና ነው። እሷም መጎንደል ጥሩ ነው ብላ መስበኳን አቁማ፣ በየለቀማው ወቅት የቡናውን ያህል ገንዘብ እልካለሁ አለች፤ ላከችም። እናቷ መጋዙን ራሳቸው ተዋሱ። ጠያቂውንም፣ አዲስ አበባ ደመወዝ አለህ፣ እናትህን በቃል ከማሳመን ሁለቱን ዓመት ቻልላቸው አለችው። ባለሙያው፣ ሒሳብ ሠሪው፣ ላኪዋ፣ ሁሉም በየዘርፋቸው ልክ ነበሩ፤ ባዶውን ዓመት ማን ይሸከማል የሚለውን ግን ያነሳች እሷ ብቻ ናት። ጉንደላ ጠቃሚ መሆኑ ከተረጋገጠ ቆይቷል፤ ገበሬ የማይጎነድለው ለዚህ ነው።

መልስ 22፦ መራራ ነው። ሪያድ ልጅ የሌላትስ እናት? የሁሉም ጓሮ በሐዋላ ይታደሳል እንዴ? ባንክ ለግማሽ ሄክታር ባለቤት ሁለት ዓመት ሙሉ የማይከፈል ብድር እንደማይሰጥ ጨመረ። አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እህታችንም አልተቀየመችም።

መልስ 23፦ መልሱን የሰጠው ከሲዳማ፣ ከበንሳ የመጣ ገበሬ ነው፤ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ሁሉን በአንድ ዓመት የሚጎነድል ሞኝ ነው አለ። እሱ በሦስት ከፍሎ በሦስት ዓመት ይጨርሳል። የትኛው ይቅደም የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ለቀማ ላይ ነው። ቡና አንድ ዓመት ተሸክሞ ቢውል በሚቀጥለው ዓመት ያርፋል፤ ስለዚህ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያፈራ አሮጌ ዛፍ ለከርሞ ብዙም አይሰጥም፣ እሱን መቁረጥ የሚያስቀረው ምርት ትንሽ ነው። ሚስቱ በለቀማ ቀን ከእንሰት ቃጫ ፈትል እየቀደደች ይዛ ትወጣለች። እጅግ ባፈራው አሮጌ ዛፍ ግንድ ላይ አንድ ቋጠሮ ታስራለች። ጥር ላይ መጋዝ ይዞ የሚገባው እሱ፣ ቋጠሮውን እያየ ነው። የሚለቅመው ሰው ዛፉን ያውቀዋል፣ ባለሙያ ከመንገድ ላይ ቆሞ አያውቀውም የሚል ጅራፍም አክሎበታል። በተከፈተው ቦታ ላይ ቦሎቄና ጎመን ይዘራል፤ ቀንበጡ እስኪያጠላው ድረስ ፀሐይ አለው።

መልስ 24፦ ባለሙያው ጅራፉ ተሰምቶታል። በየቦታው ተበታትኖ የተቆረጠ ጉቶ በረጃጅም ጎረቤቶች መሀል ጥላ ስለሚበዛበት ቀንበጡ ብርሃን ፍለጋ ሸምበቆ ይመስል ይመዘዛል፤ የሚሻለው ማሳውን በረድፍ ወይም በቁራሽ ከፍሎ አንዱን ቁራሽ ጠቅላላ መቁረጥ ነው አለ። ቋጠሮው ግን ጥሩ ዘዴ መሆኑን አልካደም፤ ብዙ ቋጠሮ ያለበት ቁራሽ ይቅደም። መልስ 25 ላይ የበንሳው ሰው ግማሹን ተቀበለ፤ የጓሮ ቡና መስመር እንደሌለው፣ እንሰቱም አቮካዶውም በመሀሉ እንደሚገባ ግን አሳሰበ። እኔ ባለሙያው ቴክኒኩን እንዳሸነፈ፣ ገበሬው ደግሞ ጓሮውን እንደሚያውቅ ቆጥሬዋለሁ።

መልስ 26፦ አንዲት እናት፣ ወይም የእናት ስልክ የያዘ ልጅ፣ ስለ ጀንፈል፣ ከነገለፈቱ ስለደረቀ ቡና፣ ጻፈች። እሸቱን ሁሉ ለማጠቢያ ጣቢያ ያስረከበ ቤት ገንዘቡ በወር ውስጥ ያልቃል። ከፊሉን በቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ አድርቆ በጀንፈልነቱ ያስቀመጠ ግን ሲቸግረው አንድ ፈረሱላ፣ ሁለት ፈረሱላ እያወጣ ይሸጣል። ሊጎነድል ያሰበ ሰው ከጉንደላው በፊት ባለው ለቀማ ጀንፈል ያስቀምጥ አለች። በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል፤ ቤቱም ጭስና እርጥበት የሌለበት ይሁን።

መልስ 27 አጭር ነው፦ የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ከሆኑ የትርፍ ክፍፍሉ የሚታሰበው ባስረከቡት ኪሎ ነው፤ ስለዚህ የሚቀንሰው የለቀማው ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ ክፍፍሉም አብሮ ይቀንሳል። ሒሳብ ሠሪው ቁጥር 12ን ሊያስተካክል ቃል ገባ፤ እስካሁን አላስተካከለም።

መልስ 28፦ ጠያቂው ተመለሰ። ክሩን በስልክ ለእናቱ አንብቦላቸዋል። ላኪዋን ወደዋታል፣ ባለሙያውን አልወደዱትም። የበንሳውን ሚስት ቋጠሮ ሲሰሙ ግን፣ እኔ ቃጫ ምን ያደርግልኛል፣ ዛፎቹን በስም አውቃቸው የለ ብለው ከቦዩ በታች ያሉትን ቆጠሩለት፤ እነሱን መቁረጥ ይችላል፣ ከቦዩ በላይ ያለውን የነካ ግን ከቤቴ አይገባም ብለዋል። የታችኛው ቁራሽ ከጠቅላላው ሩቡ አይሞላም። እሱ ቅር ብሎታል፤ የሪያዷ እህት ደግሞ መልስ 29 ላይ፣ ቅር ከማለትህ በፊት ምን ያህል ልትልክ እንዳሰብክ ንገረን አለችው። አልመለሰም።

መልስ 30፦ አዲስ ሰው ነው፣ ክሩን ያነበበ አይመስልም። ሰባት ዓመት የሆነው ቡና አለኝ፣ ረዝሞብኛል፣ እኔም ልጎንድል ወይ ብሎ ጠየቀ። ባለሙያው በመልስ 31፣ ያንተው ገና ወጣት ነው፣ መጋዙን አስቀምጥ፤ ከግንዱ ሥር የሚወጣውን ትርፍ ቀንበጥ አንሳ፣ የደረቀውንና የተጠላለፈውን ቅርንጫፍ ግረዝ፣ ጫፉን ደግሞ እጅህ በሚደርስበት ቁመት ላይ ቁረጠው አለው።